ይድነቃቸው ተሰማ

ይድነቃቸው ተሰማ (መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. – ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም.) ኢትዮጵያዊ የእግር ኳስ ተጫዋች፣ አሰልጣኝና የስፖርት መሪ ነበሩ። በቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ከ20 ዓመት በላይ በአጥቂነት ተጫውተዋል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ ዋንጫን ሲያነሣ ቡድኑን የመሩት እርሳቸው ናቸው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ ሲሆኑ፣ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ለ15 ዓመታት ያህል ፕሬዝዳንቱ ነበሩ።

በወጣትነታቸው የተጫወቱት ኢትዮጵያዊ ከነጭ ጋር በአንድ ሜዳ እንዳይሰለፍ በተከለከለበት በፋሺስት ወረራ ዘመን ነበር። በኋላ በመሪነታቸው ዘመን አፓርታይድን የምትከተለው ደቡብ አፍሪካ ከዓለም እግር ኳስ እንድትታገድና አፍሪካ በዓለም ዋንጫ የራሷ ቦታ እንዲኖራት ለረጅም ዓመታት ታግለዋል።

ባጭሩ

የትውልድ ቦታ፦ ጅማ
አባት፦ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ
የጨዋታ ቦታ፦ አጥቂ
ክለብ፦ ቅዱስ ጊዮርጊስ (አዲስ አበባ)
በአሰልጣኝነት ያገኙት ድል፦ የአፍሪካ ዋንጫ፣ 1954 ዓ.ም.
የካፍ ፕሬዝዳንት፦ 1964 – 1979 ዓ.ም.
የዓለም አቀፍ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል፦ እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1987

ትውልድና ልጅነት

ይድነቃቸው የተወለዱት በዘመን መለወጫ ዕለት በጅማ ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥማቸውና በዜማቸው እስከ ዛሬ የሚታወሱ ሰው ናቸው። በዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን አገር ተልከው የመኪና ሙያ ተምረዋል፤ በዚያው በነበሩበት ጊዜም ዜማቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል። የእርሳቸው ሸክላዎች ከመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ቅጂዎች ይቆጠራሉ።

ልጃቸው በአዲስ አበባ ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተማሩ። በዚያ ዘመን ትምህርት ቤቱ በፈረንሳይኛ ያስተምር ነበር። ይድነቃቸው በኋላ በዓለም አቀፍ ስብሰባዎች ላይ ሲከራከሩ የውጭ ቋንቋ ማወቃቸው ጠቅሟቸዋል። በ1920ዎቹ መዲናዋ ውስጥ ኳስ የሚጫወቱት በአብዛኛው የውጭ ማኅበረሰቦች ነበሩ። አርመኖች፣ ግሪኮችና ጣሊያኖች የየራሳቸው ቡድን ነበራቸው። የአራዳና የአካባቢው ልጆች ጨዋታውን የለመዱት እነርሱን እያዩ ነው።

ቅዱስ ጊዮርጊስና የወረራው ዘመን

ቅዱስ ጊዮርጊስ የእግር ኳስ ክለብ በአራዳ አካባቢ በ1928 ዓ.ም. ተመሠረተ። ከመሥራቾቹ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ በዋናነት ይጠቀሳሉ። የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር ድንበር ጥሶ ከገባ ገና ጥቂት ወራት ነበሩ። ይድነቃቸው ክለቡን የተቀላቀሉት ገና በታዳጊነታቸው ሲሆን፣ እስከ እ.ኤ.አ. 1958 ድረስ ማሊያውን አላወለቁም።

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ከተማይቱ በዘር እንድትከፈል ታቀደ። የነጮችና የአገሬው ሰው መኖሪያ፣ ገበያና መዝናኛ እንዲለያይ ተደረገ። ካዛንቺስ የሚለው የሠፈር ስም የተረፈው ከዚያ ዘመን ነው፤ ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት ይሠራ ከነበረው «ኢንቺስ» ከተባለው ድርጅት ቤቶች፣ ማለትም በጣሊያንኛ «ካዜ ኢንቺስ» ከሚለው መጠሪያ የመጣ ነው።

መለያየቱ ኳስ ሜዳም ደረሰ። የኢትዮጵያውያን ቡድኖች ከጣሊያን ቡድኖች ጋር እንዳይጋጠሙ ተከለከሉ፤ እርስ በርሳቸው ብቻ እንዲጫወቱም ተደረገ። የክለቦቹ ስም ሳይቀር ተለወጠ። ቅዱስ ጊዮርጊስ «ሊቶሪዮ ውቤ ሠፈር» ተባለ፤ የመጀመሪያው ቃል ከፋሺስቶች ምልክት የተወሰደ ነው። ይድነቃቸውና ጓደኞቻቸው በዚህ በተጫነባቸው ስም እየተጠሩ ቡድናቸውን አላፈረሱም። ለአንድ ወጣት አጥቂ ጉዳዩ ግልጽ ነበር፤ ከማን ጋር መጫወት እንደሚፈቀድለት የሚወስነው ችሎታው ሳይሆን የቆዳው ቀለም ነበር።

ከነጻነት በኋላ

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲመለሱ ክለቡ የቀድሞ ስሙን መልሶ ያዘ። ቀደም ሲል የተከለከለው ግጥሚያም ተፈቀደ። እ.ኤ.አ. በ1944 በተካሄደው የመጀመሪያው ሻምፒዮና አምስት ቡድኖች ተሰለፉ፦ የኢትዮጵያውያኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሊምፒያኮስና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን። ዋንጫውን የወሰደው የእንግሊዞቹ ቡድን ቢሆንም፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከፎርቲቱዶ ጋር በእኩልነት ሜዳ መግባቱ ለተመልካቹ ከጨዋታም በላይ ነበር። ክለቡ የመጀመሪያውን የሻምፒዮናነት ክብር ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው።

ይድነቃቸው ለቅዱስ ጊዮርጊስ በ365 ጨዋታዎች 318 ግብ እንዳስቆጠሩ በሰፊው ይነገራል። በዚያ ዘመን እግር ኳስ በኢትዮጵያ መተዳደሪያ ሙያ አልነበረም። ተጫዋቹ ቀን በሥራው ውሎ ማታና በእረፍት ቀን የሚለማመድ ሰው ነበር። ይድነቃቸውም እየተጫወቱ ስፖርቱን ያደራጁ ነበር። የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1943 ሲቋቋም ከአደራጆቹ መካከል ነበሩ። ፌዴሬሽኑ እ.ኤ.አ. በ1952 የዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን (ፊፋ) አባል ሆነ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ የተካፈለችውም በዚህ የማደራጀት ዘመን ነው።

ብሔራዊ ቡድኑ የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ጨዋታ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው። ተጋጣሚው በፈረንሳይ ሥር የነበረው የጂቡቲ ቡድን ሲሆን ኢትዮጵያ 5 ለ 0 አሸነፈች። ይድነቃቸው የአገራቸውን ማሊያ ለብሰው 15 ጊዜ ያህል ተጫውተዋል።

የካፍ ምሥረታ

የካፍ ሐሳብ የተወጠነው እ.ኤ.አ. በሰኔ 1956 በሊዝበን በተደረገው የፊፋ ጉባኤ ወቅት ነው። የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም. በካርቱም ድርጅቱ ተመሠረተ። መሥራች አገሮቹ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። ኢትዮጵያን ወክለው የተገኙት ይድነቃቸው ናቸው።

ጉባኤው ወዲያው ፈተና ገጠመው። አራቱ አገሮች ለመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ሊጋጠሙ ተዘጋጅተው ሳለ፣ ደቡብ አፍሪካ ወይ ነጮች ብቻ ያሉበት ወይ ጥቁሮች ብቻ ያሉበት ቡድን እንጂ የተቀላቀለ ቡድን እንደማትልክ አስታወቀች። የሦስቱ አገሮች ተወካዮች ይህን አልተቀበሉም፤ ደቡብ አፍሪካም ከውድድሩ ወጣች። ኢትዮጵያ የምትጋጠመው ከእርሷ ጋር ስለነበር ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች። የካቲት 9 ቀን በተደረገው ጨዋታ ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈች፤ አራቱንም ግቦች ያስቆጠረው አድ-ዲባ ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ በካይሮ በተደረገው ውድድር ኢትዮጵያ በሁለቱም ጨዋታዎቿ ተሸንፋ ከሦስት ቡድኖች ሦስተኛ ሆነች።

የ1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ

ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ከጥር 6 እስከ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተካሄደ። ውድድሩ የተደረገው በዛሬው ቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ከመስቀል አደባባይ አጠገብ በሚገኘውና ያኔ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም በሚጠራው ስታዲየም ነበር። ተካፋዮቹ አስተናጋጇ ኢትዮጵያ፣ የዋንጫው ባለቤት የተባበረች ዓረብ ሪፐብሊክ (ግብፅ)፣ ቱኒዚያና ኡጋንዳ ነበሩ።

ይድነቃቸው በአሰልጣኝነት የመሩት ቡድን የአገሪቱን ልዩ ልዩ ማዕዘኖች ያሰባሰበ ነበር። አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎና ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎ ከጣሊያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት አስመራ የተወለዱ ናቸው። የጎንደሩ ልጅ መንግሥቱ ወርቁ የቅዱስ ጊዮርጊስ አጥቂ ነበር። ከሃያ ዓመት በፊት በዘር ተለያይቶ ይጫወት በነበረበት ከተማ፣ አሁን ከሁለቱም ወገን የተወለደ ሰው የኢትዮጵያ አምበል ሆኖ ቆመ።

በግማሽ ፍጻሜው ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 ረታች። በሌላው ጨዋታ ግብፅ ኡጋንዳን 2 ለ 1 አሸንፋ ለፍጻሜ ደረሰች።

የፍጻሜው ጨዋታ ጥር 13 ቀን ተካሄደ። በ35ኛው ደቂቃ የግብፁ ባዳዊ የመጀመሪያውን ግብ አስቆጠረ። ኢትዮጵያ አቻ የሆነችው በ74ኛው ደቂቃ በግርማ ተክሌ ግብ ነው፤ ነገር ግን ባዳዊ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ግብፅን እንደገና መሪ አደረገ። ጨዋታው ሊያበቃ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ሉቻኖ ቫሳሎ 2 ለ 2 አደረገው። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎ በ101ኛው፣ መንግሥቱ ወርቁ በ117ኛው ደቂቃ አስቆጥረው ኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸነፈች። ዋንጫውን ለአምበሉ ያስረከቡት ዓፄ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። ኢትዮጵያ እስከ አሁን የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣችው በዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

የዓለም ዋንጫ ቦታ ጥያቄ

እ.ኤ.አ. በ1964 ፊፋ በእንግሊዝ ለሚካሄደው የ1966 የዓለም ዋንጫ የቦታ ድልድል አወጣ። ከ16ቱ ቦታዎች አብዛኛዎቹ ለአውሮፓና ለደቡብ አሜሪካ ተሰጡ። ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሺኒያ የደረሰው በጠቅላላ አንድ ቦታ ነበር። የአፍሪካ አሸናፊ በአህጉሩ ያለውን ረጅም ማጣሪያ ከጨረሰ በኋላ እንደገና ከእስያ አሸናፊ ጋር መጋጠም ነበረበት።

ካፍ ድልድሉን ተቃወመ። በተቃውሞው ግንባር ቀደም ከሆኑት መካከል የጋናው የስፖርት ኃላፊ ኦሄኔ ጃንና ይድነቃቸው ይገኙበታል። የክርክራቸው ፍሬ ነገር ሁለት ነበር። አንደኛው፣ ነጻ የወጡት አገሮች ቁጥርና የእግር ኳሳቸው ደረጃ ሲያድግ ቦታው ግን አለማደጉ ነው። ሁለተኛው ወጪው ነው፤ በየአህጉሩ ተዘዋውሮ መጫወት ለአዳዲሶቹ ፌዴሬሽኖች የማይቻል ሸክም ነበር። ፊፋ አቋሙን ባለመለወጡ የአፍሪካ አገሮች ማጣሪያውን ትተው ወጡ። በዚህም የተነሣ በ1966ቱ ዋንጫ አንድም አፍሪካዊ ቡድን አልተካፈለም፤ የጋራውን ቦታ የወሰደችው ሰሜን ኮሪያ ናት።

እርምጃው ፍሬ አፈራ። ከ1970 ጀምሮ ለአፍሪካ አንድ ቀጥተኛ ቦታ ተሰጠ፤ የመጀመሪያዋ ተጠቃሚ ሞሮኮ ነበረች። ይድነቃቸው እ.ኤ.አ. ከ1966 እስከ 1972 የፊፋ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ አባል በነበሩበት ጊዜም የአፍሪካን ድርሻ የማስፋቱን ጥያቄ አልተዉም።

የካፍ ፕሬዝዳንትነት

እ.ኤ.አ. በ1972 ሱዳናዊውን አብደል ሐሊም ሙሐመድን ተክተው የካፍ ፕሬዝዳንት ሆኑ፤ በቅደም ተከተል አራተኛው ነበሩ። በኢትዮጵያ በ1967 ዓ.ም. ሥርዓተ መንግሥቱ ተለውጦ ደርግ ሥልጣን ሲይዝ እርሳቸው በኃላፊነታቸው ቀጠሉ። የካፍ ዋና መሥሪያ ቤት ካይሮ ቢሆንም መኖሪያቸው አዲስ አበባ ነበር።

በሰኔ 1966 ዓ.ም. ፍራንክፈርት ላይ በተደረገው የፊፋ ምርጫ ብራዚላዊው ዣኦ ሃቬላንዥ ለረጅም ዓመታት ሥልጣን ላይ የነበሩትን እንግሊዛዊ ሰር ስታንሊ ሩስን አሸነፉ። የአፍሪካ ድምፅ ለውጤቱ ወሳኝ ነበር። ሃቬላንዥ የዓለም ዋንጫን ተካፋይ ቁጥር ለማሳደግ፣ የወጣቶች ውድድር ለማቋቋምና የደቡብ አፍሪካን ጉዳይ ለመፍታት ቃል ገብተው ነበር።

ውጤቱ በይድነቃቸው ዘመን ታየ። እ.ኤ.አ. በ1977 የመጀመሪያው የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና በቱኒዚያ ተካሄደ። በ1978 ቱኒዚያ ሜክሲኮን 3 ለ 1 ስታሸንፍ በዓለም ዋንጫ ድል ያገኘች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት አገር ሆነች። በ1982 ተካፋዮቹ 24 ሲሆኑ የአፍሪካ ቦታ ወደ ሁለት ከፍ አለ፤ በዚያው ውድድር አልጄሪያ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 ረታች፣ ካሜሩንም ሦስቱንም ጨዋታዎቿን ሳትሸነፍ አጠናቀቀች። በ1986 ሞሮኮ ምድቧን በአንደኝነት ጨርሳ ወደ ሁለተኛው ዙር አለፈች።

አህጉራዊ ውድድሮችም ተበራከቱ። እ.ኤ.አ. በ1975 የአፍሪካ የዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ ተጀመረ። በ1976 ደግሞ አዲስ አበባና ድሬዳዋ የአፍሪካን ዋንጫ አስተናገዱ፤ አሸናፊዋ ሞሮኮ ነበረች።

የአፓርታይድ ጉዳይ

ይድነቃቸው ከሁሉ ይልቅ የሚታወቁት በዚህ ትግላቸው ነው። ፊፋ ደቡብ አፍሪካን እ.ኤ.አ. በ1961 ካገደ በኋላ በ1963 በሩስ ጥረት እገዳው ተነሥቶላት ነበር። የአፍሪካ ተወካዮች ከእስያና ከሌሎች ደጋፊዎች ጋር ተባብረው በ1964 በቶኪዮ ጉባኤ እገዳው እንዲመለስ አደረጉ። ሩስ ስፖርትና ፖለቲካ መለያየት አለባቸው ይሉ ነበር። የአፍሪካውያኑ መልስ ግን ተጫዋችን በቀለሙ የሚለይ ማኅበር ራሱ ፖለቲካን ወደ ሜዳ ያመጣ ነው የሚል ነበር። በሐምሌ 1968 ዓ.ም. በሞንትሪያል ጉባኤ ፊፋ ደቡብ አፍሪካን ከአባልነት አባረረ። ከካርቱሙ ውሳኔ እስከዚያ 19 ዓመት አልፏል።

በዓለም አቀፍ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ውስጥም ከ1971 ጀምሮ አባል ሆነው ይህንኑ አቋም አራምደዋል።

ስለ ተጫዋቾችና ስለ ገንዘብ የነበራቸው አቋም

ይድነቃቸው የአፍሪካ ምርጥ ተጫዋቾች ወደ አውሮፓ መፍለሳቸው ያሳስባቸው ነበር። ካፍ እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጣው ደንብ አንድ ብሔራዊ ቡድን በአፍሪካ ዋንጫ ማሰለፍ የሚችለው ከአህጉሩ ውጭ የሚጫወቱ ሁለት ሰዎችን ብቻ ነበር። ዓላማው አገር ውስጥ የሚጫወተው እንዳይረሳና ክለቦች እንዳይዳከሙ ነው። የደንቡ ተቃዋሚዎች በበኩላቸው ቡድኖች ምርጥ ልጆቻቸውን እንዳያሰልፉ ያግዳል ይሉ ነበር። ደንቡ በ1982 ተነሣ፤ ከዚያ ወዲህ በውጭ የሚጫወቱ ባለሙያዎች የአፍሪካ ዋንጫ ዋና ድምቀት ሆነዋል።

የስፖርት ማስታወቂያ እየተስፋፋ በመጣበት ጊዜም የአልኮልና የሲጋራ ኩባንያዎች የካፍ ውድድሮች ደጋፊ እንዲሆኑ አልፈለጉም።

ከቦታው ጋር ያለው ትስስር

የይድነቃቸው ሥራ በአብዛኛው የተያያዘው በዛሬው ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ካሉ ቦታዎች ጋር ነው። ስታዲየሙ የ1954ቱን ድል ያዩበት ነው። ከዚያ ወደ ካዛንቺስ ሲወጣ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ይገኛል። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በዚህ አዳራሽ ሲመሠረት ካፍ ስድስት ዓመት ሞልቶት ነበር። የአፍሪካ አገሮች በአንድ ማኅበር ተሰባስበው በጋራ መወሰንን በእግር ኳስ የጀመሩት ከፖለቲካው ቀድመው ነው ማለት ይቻላል።

ዕረፍትና ከዚያ በኋላ

ይድነቃቸው በካንሰር ሕመም ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በ65 ዓመታቸው አዲስ አበባ ላይ ዐረፉ። አብደል ሐሊም ሙሐመድ ለጊዜው ተተክተው ከቆዩ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1988 ካሜሩናዊው ኢሳ ሃያቱ ፕሬዝዳንት ሆኑ።

ከሞታቸው ከአራት ወር በኋላ፣ በታኅሣሥ 1980 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ቡድን አዲስ አበባ ላይ ዚምባብዌን በመለያ ምት አሸንፎ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ ወሰደ።

ደቡብ አፍሪካ አፓርታይድ ሲፈርስ እ.ኤ.አ. በ1992 ወደ ፊፋ ተመለሰች፤ በ1996 የአፍሪካን ዋንጫ አስተናግዳ አሸነፈች። ኢትዮጵያ በበኩሏ ከ1982 በኋላ ለ31 ዓመታት ከአፍሪካ ዋንጫ ርቃ ቆየች። የተመለሰችው በ2013 ሲሆን፣ አስተናጋጇ ደቡብ አፍሪካ ነበረች። በመጀመሪያው ጨዋታ ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ስትለያይ ለኢትዮጵያ ግቡን ያስቆጠረው አዳነ ግርማ የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች ነበር።